አሥረኛው መደብ

ድንጋያችንን ያየሁት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። ሐምሌ ላይ እንጅባራ ውስጥ ያለ ጃንጥላ የሚወጣ ሰው የለም፤ እሱ ግን በመጨረሻው ዓመት ብዙ ነገር ይረሳ ነበር። ባጃጅ ይዤ ወደሚሠራበት የግብርና ምርምር ጣቢያ ሄድኩ። ዘበኛው ስለሚያውቀኝ አላስቆመኝም። ቢሮው ክፍት ነበር፤ ሰው ግን የለበትም። ሁለት ጠረጴዛዎች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የእሱ፣ በበሩ በኩል ያለው የእሷ። በእሷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከትንሿ ሚዛን አጠገብ፣ ድንጋያችን ቁጭ ብሏል።

ድንጋዩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ከዶሮ እንቁላል ትንሽ ይበልጣል። በተጋባን ዓመት ዘንገና ሐይቅ ሄደን ሳለ ከውሃው ጠርዝ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ አመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ነበር። ልጆቻችን ተጫውተውበታል፣ ለውዝ ሰብረውበታል፣ አድገው ወደየከተማቸው ሲሄዱም እዚያው ቀርቷል። ከመደርደሪያው ላይ ከጠፋ ጥቂት ሳምንት ሆኖት ነበር። አይቻለሁ፤ አልጠየቅኩም። አንድ ቦታ አስቀምጦት ይሆናል ብዬ ነበር።

ጃንጥላውን በወንበሩ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ወደ ቤት የተመለስኩት በእግሬ ነው። ዝናቡ ሲጥል እንኳ የት ቦታ ላይ እንደጀመረኝ አላስታውስም።

ይህን ሁሉ በዝግታ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ሦስት ቀን ይወስድብኛል። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ያስተማርኩ ስለሆነ መጻፉ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ስለ ራሴ የምጽፈው ነገር ደግ አለመሆኑ ነው።

እሷ ተመራማሪ ናት። ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣች፣ ዕድሜዋ ሠላሳን ብዙም ያልዘለለ፣ የአፈር ትምህርት የተማረች። ባለቤቴ ደግሞ የመስክ ቴክኒሺያን ነበር። እሷ ምን መለካት እንዳለበት ታስባለች፤ እሱ ይለካል። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ እኔን እትዬ። ማንም ሰው እንዳይሳሳትብኝ፣ ሌላ ሰው የሚያስበውን ዓይነት ነገር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የቀናሁት በወሬያቸው ነው።

እኔና እሱ ቤት ውስጥ በአገውኛ ነበር የምናወራው። ስለ እንጨቱ መድረቅ፣ ስለ ጎረቤት ልቅሶ፣ ስለ ልጆቹ ስልክ አለመደወል። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ማታ ማታ ስለ ሥራው ማውራት ጀመረ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ደግሞ መሐል ላይ ወደ አማርኛ ይሻገራል። «ማነጻጸሪያ»፣ «ድግግሞሽ»፣ «የመለኪያ ስሕተት» ይላል። አማርኛ እኔም አስተምሬበታለሁ፤ ቃሉ አልጠፋኝም። ነገር ግን ወደ አማርኛ በተሻገረ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል የገባ፣ በሩንም ሳያስበው የዘጋ ይመስለኝ ነበር።

«ዛሬ ምን አለች መሰለሽ?» ይለኛል።

«ምን አለች?»

«‹ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ያየነውን ነገር አየን እንበል እንጂ አወቅን አንበል› አለችኝ። እንዲህ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም።»

ወጡን አማስል ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ አማሰልኩት።

ሙከራቸውን የሠሩበት ማሳ የእኔ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ገበያው በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ያለ፣ ከአባቴ የወረስኩት ቁራሽ መሬት። ጣቢያው ሙከራውን በገበሬ ማሳ ላይ መሥራት ፈልጎ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ማሳው የእኔ ከሆነ በወሬው ውስጥ እኔም እኖራለሁ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ስትመጣ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቶቿ ፈረፈረች። በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጠበጠችው፣ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነከረችበት፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ይህ አፈር በጣም ታሟል እትዬ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«አሲድ ሆኗል። ኖራ ካልተጨመረበት የሚዘሩትን ሁሉ ያሳንስብዎታል።»

«ዘጠኝ ልጆች ያደግነው በዚህ አፈር ነው» አልኳት።

ፈገግ አለች። ደግ ፈገግታ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልወደድኩት። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። የአባቴን እጅ የሚያውቅ፣ ከአባቴ ጋር በዚህ ማሳ ላይ ያረሰ ሰው ነው። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

ሙከራው ቀላል ነው። ገብስ ይዘራል። አንዳንዱ መደብ ሙሉ መጠን ኖራ ያገኛል፣ አንዳንዱ ግማሽ፣ አንዳንዱ ምንም። ከዚያ ምርቱ ይመዘናል። አሥራ ሁለት መደብ፣ በአራት ረድፍ፤ በየረድፉ ሦስቱም ዓይነት አለ። ለምን አራት ጊዜ እንደሚደጋገም ስጠይቀው ባለቤቴ ችካል እየመታ መለሰልኝ፤ «አንድ ብቻ ቢሆን ባለፈው ዓመት በሬ እበት የጣለበት ቦታ ላይ ልናርፍ እንችላለን። ከዚያ የእበቱን ሥራ ለኖራው እንሰጣለን።»

የትኛው መደብ ምን እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዕጣ ነበር። «የሰው እጅ ወደሚወደው ይሄዳል» አለ፤ «የእኔም፣ የእሷም። ዕጣ ይውጣ።» ወረቀቶቹን ባርኔጣው ውስጥ ከተተና ለእኔ ዘረጋልኝ። እኔ አወጣሁ። ሦስቱን ረድፍ በሰላም አለፍን። በአራተኛው ረድፍ ላይ፣ መንገዱን ለሚያዋስነው ለአሥረኛው መደብ፣ እጄ ላይ የወጣው ወረቀት «ባዶ» ይላል።

«ይሄ ይቀየር» አልኩ። «መንገድ ዳር ነው።»

«ዕጣ ከወጣ በኋላ?» ብሎ ሳቀ ባለቤቴ።

«ሰው ያየዋል።»

«ይየው።»

እሷ ሲባጎውን እየጠቀለለች ጣልቃ ገባች። «እትዬ፣ ዋናው እኮ ባዶው ነው። እሱ ከሌለ ኖራው ምን እንደሠራ በምን እናውቃለን?»

ባለቤቴ አያት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አስተማሪ ከኋላ ወንበር ያልጠበቀውን መልስ ሲሰማ እንዲህ ያያል። እኔም በዕድሜዬ ሙሉ ተማሪዎቼን እንዲህ አይቻለሁ። እሱ እኔን እንዲህ አይቶኝ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ቆሜ ሞከርኩ።

ሐምሌ ሲጋመስ ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ጀመር። ኖራ ያገኙት መደቦች ለምልመዋል። ባዶዎቹ ቢጫ ሆነው፣ ቀጥነው፣ ከመሬት አልነሣ አሉ። ሦስቱ ባዶዎች ወደ ውስጥ ስለሆኑ ከመንገዱ አይታዩም። አሥረኛው ግን ለመንገደኛ የተዘረጋ ይመስል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ወደ ገበያ ሲወርድ እኔ አረም እያረምኩ ነው። አንድ ፈረሰኛ አዛውንት አሉ፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ፤ ሁልጊዜ ልጓሙን ይዘው ይቆማሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ገብስ ነው ወይስ የታመመ ሣር?»

«ምርምር ነው አባባ።»

«ምኑን ነው የሚመራመሩት? ረሃብን?»

አብረዋቸው የሚወርዱት ሴቶች ሳቁ። አንዷ፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «አላወቁም እንዴ? ባሏ እኮ ሁለት ሚስት እንዳገባ ሰው ሆኗል። ያችን እያጠገበ ይቺን ያስርባታል» አለች። ጣቷ ከለምለሙ መደብ ወደ ቢጫው ሲሄድ አየሁ። ስለ ገብስ ነው የተናገረችው። አዎ፣ ስለ ገብስ ነው።

በዚያው ሳምንት እሷ በስልኳ ፎቶ ልታነሳ መጣች። ባለቤቴን ለምለሙ መደብ ውስጥ አቆመችው፤ ገብሱ ጉልበቱን አልፎታል፤ ደስ ብሎት ነበር። ቀጥላ አሥረኛው መደብ ላይ ማስመሪያ ተክላ ተንበረከከች። «ይሄኛው እንዴት ያምራል! ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል» አለች። የአባቴ መሬት መክሳት ለእሷ ማማሩ ነው። ዳር ቆሜ የማነሳው ነገር ስላልነበረኝ አረም የሌለበትን ቦታ አረምኩ።

በነገታው ነው የጀመርኩት።

እዚህ አካባቢ አሁን የሚነደው ሁሉ ዲከረንስ ነው፤ ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዛፍ። እንጨቱ ብዙ ስለሆነ አመዱም ብዙ ነው። እናቴ አመድ አትጥልም ነበር፤ ጓሮዋ ጎመን ሥር ትነሰንሰው ነበር፤ ጎመኑም በሰፈሩ ተወዳዳሪ አልነበረውም። እኔም እንደ እናቴ ነኝ። ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ቢሮ ሳለ፣ አንድ እንቅብ አመድ ሞልቼ፣ ካፊያ እንዳይነካው ከላይ ላስቲክ አልብሼ ወሰድኩ። በገብሱ መሐል ለመሐል በእጄ ነሰነስኩት። ዝናብ መጥቶ ወደ አፈሩ አስገባው። ከሁለት ቀን በኋላ ደገምኩ። ከዚያም ሠለስኩ።

ለራሴ የነገርኩት፣ የአባቴን መሬት ከመንገደኛ አፍ ማዳን ነው የሚል ነበር። እሱ ግማሹ ነው። በሌላው ግማሽ እሷ መጥታ ስታየው የፊቷን መለወጥ ማየት ፈልጌ ነበር። አፈሩ እንዳልታመመ፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ እንደናፈቀው፣ ሳልናገር ልነግራት ፈልጌ ነበር። ቁጥሯ እንዲበላሽ ፈልጌ ነበር። የባለቤቴም ቁጥር መሆኑ የታሰበኝ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ አሥረኛው መደብ ቀና አለ፤ አረንጓዴ ሆነ። አዛውንቱ ፈረሳቸውን አቆሙ።

«ታረቁ እንዴ?»

«ማን?»

«ሁለቱ ሚስቶች ናቸዋ!»

ሳቅኩ። ለብዙ ጊዜ ያልሳቅኩትን ሳቅኩ።

ኅዳር መጨረሻ ገብሱ ታጨደ። የየመደቡ ነዶ ለብቻው ታሰረ፣ ለብቻው ተወቃ፣ በየከረጢቱ ቁጥር ተጻፈበት። የተመዘነው ጣቢያው ውስጥ ስለሆነ እኔ አልነበርኩም። ያን ቀን ማምሻውን ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አሥረኛው አበደ» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሙሉ ኖራ ካገኘው ጋር ተስተካከለ። ሦስት ጊዜ መዘንነው። ያው ነው።»

«ታዲያ መሬቱ ደህና ነበራ» አልኩ።

አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እጁን ታጠበና ራቱን በላ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ደረቴን ያዘኝ ብሎ ተኛ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ስለዚያ ሳምንት ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ወደፊትም እጽፋለሁ ብዬ አላስብም።

ልቅሶው ላይ እሷም መጣች። ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አባበሏት። ከእኔ ተነሥተው ወደ እሷ የሄዱትን አየሁ። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ እሱ ገና መቃብሩ ሳይደርቅ፣ እንባዋን ከእንባዬ ጋር አስተያየሁ። የእሷ ይበልጥ ነበር። የእኔ አልመጣልኝም።

ከአርባው በኋላ ቤቴ መጣች። አጎንብሳ ተሳለመችኝና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ማስቸገሬ ያሳፍረኛል። የጋሼ የመስክ ደብተር እዚህ ይኖር ይሆን? ሰማያዊው?»

«አላየሁትም» አልኩ።

ፍራሼ ሥር ነበር።

«የሙከራውን ውጤት ለመጻፍ ነው። የጋሼ ስም ይኖርበታል። ከእኔ ስም ጎን። አንድ መደብ አስቸግሮናል። በሦስቱ ረድፍ ኖራው በግልጽ ሠርቷል፤ በአራተኛው ረድፍ ግን ባዶውና ሙሉው እኩል ናቸው። አለቆቼ አውጥተሽ ጣይውና ጨርሺ ይሉኛል።»

«ታዲያ አትጥይውም?»

«ስላልወደድኩት ብቻ?» አለች። «ያልወደድነውን ቁጥር ያለ ምክንያት የምንጥል ከሆነ የወደድነውንስ ማን ያምነናል? ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ። ጋሼ በየቀኑ ያዩትን ሁሉ ይጽፉ ነበር።»

ስሙ በሰው ፊት ታትሞ እንዲወጣ ከማንም በላይ እፈልግ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቁጥር ሲለካ ኖሮ ስሙ አንድም ቦታ አልተጻፈም። «ጣይው» ብላት፣ ደብተሩንም ባቃጥለው፣ እሷ መጨረሻ ላይ መድከሟ አይቀርም፤ ወረቀቱም ይወጣል። ከተናገርኩ ደግሞ የሙከራው አንድ ረድፍ ይፈርሳል፤ ያፈረስኩትም እኔ መሆኔ ይታወቃል።

ለመሄድ ስትነሣ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ድንጋዩ ነበር።

«ይሄ የጋሼ ነው፤ ቤት መመለስ ያለበት መሰለኝ።»

«አንቺ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራ ነበር?» አልኳት። ድምፄ እንደተለወጠ ተሰምቶኛል።

«ሚዛኑ እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ነው። ጋሼ በየጠዋቱ መጀመሪያ እሱን ነበር የሚመዝኑት። ያው ክብደት ከመጣ ሚዛኑ ደህና ነው፤ ከተለወጠ የዚያን ቀን ምንም አይመዘንም። ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው ‹የቤት ነው› ብቻ አሉኝ።»

ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ ደብተሩን አወጣሁ። እስከዚያ ድረስ ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ የእሷን እጅ ጽሑፍ ከእሱ ጽሑፍ አጠገብ ማየት ፈርቼ። አሁን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። በየገጹ አናት ላይ፣ ከቀኑም በፊት፣ አንድ መስመር አለ፤ «ድንጋይ፦ ልክ ነው»። በሚቀጥለውም «ድንጋይ፦ ልክ ነው»። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ድንጋይ፦ ጎድሏል። ሚዛኑ ይታይ» ይላል። ሚዛኑን ጠረጠረ። ድንጋዩን አልጠረጠረም።

እየዘለልኩ ሳይሆን ቃል በቃል አነበብኩ፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። የፈለግኩት እሷን ነበር። ምን እንዳለች፣ ስትስቅ ምን እንዳሰበ። አላገኘኋትም። ያገኘሁት ዝናብ፣ ቁመት፣ የቅጠል ቀለም ነው። ያልገባው ነገር ሲገጥመው በኅዳጉ ላይ «ይጠየቅ» ብሎ ይጽፋል፤ መልሱን ሲያገኝ ቃሉን በአንድ መስመር ይሰርዝና ከጎኑ ያገኘውን ይጽፋል። «መደብ 3 ጥጉ ተረግጧል። ይጠየቅ።» ተሰርዟል፤ «የጎረቤት ጥጃ ነው።» «ትናንት ዘንቦ መለኪያው ባዶ ነው። ይጠየቅ።» ተሰርዟል፤ «ክዳኑን አልከፈትኩትም ነበር። የእኔ ጥፋት።»

የነሐሴው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«መደብ 10። በአፈሩ ላይ አመድና የከሰል ፍንካች አለ። ይጠየቅ።»

አልተሰረዘም።

ከነሐሴ እስከ ጥር አምስት ወር ነው። ለአንድ ጥጃ ብሎ እስከ ጎረቤት ደጃፍ ሄዶ የጠየቀ ሰው፣ ገበታ ላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ሚስቱን አምስት ወር ሙሉ አልጠየቀም። በዚህ ቤት አመድ የሚያነሣ ሌላ ሰው አልነበረም። አውቋል። «መሬቱ ደህና ነበራ» ስለው ያየኝ፣ እያወቀ ነው ያየኝ።

መጀመሪያ አለቀስኩ፤ የዘገየው ልቅሶ ያኔ መጣ። ከለቅሶው በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ገባብኝ፤ ገብቶም አልወጣ አለ። እኔን ካልጠየቀ ለእሷ ነግሯት ይሆን? ሁለቱ ቢሮ ተቀምጠው «ባለቤቴ ናት፣ ተያት» ብሎ፣ እሷም በዚያ ደግ ፈገግታዋ ፈገግ ብላ ይሆን? አሁንም እያወቀች ደብተሩን የምትጠይቀኝ እኔ ራሴ እንድናገር ይሆን? ይህን ሳላውቅ መኖር አልቻልኩም። ሰው ኅሊናዋ አስገደዳት ይል ይሆናል። አይደለም። ስልኩን አንሥቼ የጠራኋት ቀንቼ ነው።

በነገታው ከሰዓት በኋላ መጣች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን ከላዩ ላይ አላነሣሁም።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ አሥረኛው መደብ ባለቤቴ የነገረሽ ነገር አለ?»

«የነገሩኝ የለም። እኔ ግን ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«‹እሱን ለእኔ ተይው፤ የሚጠየቅ ሰው አለ› አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልተናገሩም። ሁለት ጊዜ አስታወስኳቸው። ‹ገና ነው› አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሳስታውሳቸው ትንሽ ተቆጡኝ። ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር።»

ከእሷ ደብቆኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ወሬያቸው ውስጥ አንድ ነገር ለብቻው ይዞ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። እጄን ከደብተሩ ላይ አነሣሁ።

«አመድ ነው» አልኩ። «ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ጮኸች ወይም ደነገጠች ብል ውሸት ይሆናል። እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ስንት እንቅብ?»

«ሦስት።»

«በአንድ ቀን?»

«በየሁለት ቀኑ።»

«የምን እንጨት አመድ?»

«ዲከረንስ።»

«መደቡን በሙሉ ነው ወይስ መንገድ ዳሩን ብቻ?»

«በሙሉ።»

«ሌሎቹ ባዶዎች ላይስ?»

«እነሱን አልነካሁም።»

ጻፈች። ጻፈች።

«ለምን እንዳደረግኩትስ አትጠይቂኝም?»

ቀና አለች። «እሱ ሚዛን ላይ አይወጣም እትዬ» አለችኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ግን ከነገሩኝ እሰማለሁ።»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«በእኔ?»

«በአንቺ።»

ሳቋ መጣ፤ ግን ሳቅ ሆኖ አልቀረም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጋሼ አንድ ነገር በጣም ሲገርማቸው በአገውኛ ነበር የሚናገሩት። ‹ምን አሉ?› ስላቸው ‹ይሄ የቤት ነው› ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስሠራ ሲገረሙ ያሉትን አንድም ቀን አልሰማሁም። እርስዎ ግን ይሰሙ ነበር።»

ደብተሩን ከፍቼ የነሐሴውን ገጽ አሳየኋት።

ቃሌን እንዲሁ አልተቀበለችም። ከአራቱም ባዶ መደቦች አፈር ወስዳ መረመረች። መጀመሪያ ተቀየምኳት፤ ተናዝዤ ሳለ ትመረምረኛለች ብዬ። ከዚያ እሱም ቢሆን ይህንኑ ያደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ስለዚያ ደግሞ ቀናሁባት። የተናገርኩት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የተለወጠው አሥረኛው ብቻ ነው፤ አመዱ እንደ ኖራው አሲዱን ሰብሮታል። አሁን ምክንያት አላት፤ ቁጥሩን ልታወጣው ትችላለች።

«እንግዲህ ጨርሺዋ» አልኳት። «ስሙ ያለበት ወረቀት ዘንድሮ ይውጣ።»

«ማውጣትስ እችላለሁ። ሦስት ረድፍ፣ አንድ ክረምት ብቻ ይቀረኛል። በዚያ ‹ሳይሆን አይቀርም› ነው የሚባለው። ‹ነው› ለማለት ድጋሚ መዝራት አለብን።» ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «የጋሼ ስም ባለበት ወረቀት ላይ እኔ ራሴ ያላመንኩበትን አልጽፍም» አለች።

ስሙን ከእኔ ይልቅ እሷ እየጠበቀችው ነበር። ይህን መጻፍ ዛሬም ያመኛል። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር።

መሬቱን ለሁለተኛ ዓመት ሰጠኋት፤ አሮጌዎቹን ችካሎች ነቅለን ከማሳው ያልተነካ ወገን ላይ አዲስ አሥራ ሁለት መደብ ለካን። የመጨረሻው ረድፍ አሁንም መንገዱን ይነካል። ደብተሩን ስትወስድ የነሐሴውን ገጽ ገልጣ እስክሪብቶዋን ዘረጋችልኝ፤ «መልሱን እርስዎ ይጻፉት» ብላ። ከጎኑ ጻፍኩ፤ «አመድ። የዲከረንስ። ሦስት እንቅብ። እኔ።» «ይጠየቅ» የሚለውን ግን አልሰረዝኩትም። ለምን እንዳልሰረዝኩት ገብቷት ይሆን አይሁን አላውቅም። የጠየቀኝ እሱ አይደለማ።

ሰኔ ላይ ዕጣ የወጣው በእሱ ባርኔጣ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ እሷ ልታወጣ እጇን ስትሰድ ባርኔጣውን ወደ እኔ ሳብኩት። በመጨረሻው ረድፍ፣ መንገድ ዳር ላለው መደብ፣ ወረቀቱን ዘረጋሁ። «ባዶ» ይላል።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይቀየር እትዬ?»

«ዕጣ ከወጣ በኋላ?» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ነሐሴ ውስጥ ነው። ድንጋዩን መልሼ ጣቢያው ወስጄዋለሁ፤ ሚዛኑ እዚያ ነው። ዝናቡን እኔ ነኝ የምለካው፤ ክዳኑን መክፈት አልረሳም። ባዶው መደብ ቢጫ ነው፤ እንደ አምናው ከስቷል። ባለፈው ቅዳሜ አመዴን በእንቅብ ይዤ ወደ ጎመኔ ሳልፍ፣ የአምናው አመድ ወሬ የደረሳቸው አዛውንት ፈረሳቸውን አቁመው ጠበቁኝ።

«ደግሞ ተጣሉ?»

«ተጣሉ አባባ።»

«አንቺስ አመድ ይዘሽ አይደል? አስታርቂያቸዋ።»

«ዘንድሮ ማስታረቅ የለም» አልኳቸውና እንቅቡን ወደ ሌላኛው ጎኔ አዙሬ፣ ከገብሱ አርቄ፣ በመንገዱ ማዶ ዳር ዳሩን አለፍኩ። ነፋስ ነበረ። አመዱ እንዳይበን በነጠላዬ ሸፈንኩት።